«ተነሣ» ብለው ከወንበሩ ጎተቱት

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ዓምድ ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ባለቤቴን ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ። አሁን የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ቤት ውስጥ ከዘራውንና የእኔን ትከሻ ይዞ ጥቂት ይራመዳል። ሲናገር ቃል ይጠፋበታል፣ ሐሳቡን ለመጨረስ ጊዜ ይወስድበታል፣ ግን የሚባለው ሁሉ ይገባዋል። ከመታመሙ በፊት ለብዙ ዓመታት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲመራ የኖረ ሰው ነው።

ከአንድ ወር በፊት በምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን አንድ እንግዳ ሰባኪ ስለ ቤተ ሳይዳው በሽተኛ ሰበከ። 38 ዓመት ታሞ ስለኖረው። ስብከቱ ሲጀምር ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ። መጨረሻ ላይ ግን ከመድረክ ወርዶ ባለቤቴ ፊት ቆመና «አንተም ዛሬ ተነሣ!» አለው። ሁለት ሰዎች መጥተው አነሱት። የጎተቱት በደካማው እጁ ነው። እግሩ አልያዘለትም፤ ወደቀ። አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ። ሰባኪው በማይክራፎኑ «እምነት ሲጎድል እንዲህ ይሆናል» አለና መዝሙር ተጀመረ። እኔና አንድ ልጅ አንስተን ወንበሩ ላይ መለስነው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «አልሄድም» ብሏል። ትከሻውንም ያመዋል። ይባስ ብሎ ታላቅ እህቱ በየቀኑ ይደውላሉ። እንደ እናት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒቱን መውሰዱ ራሱ ያለማመን ምልክት ነው ይላሉ። በሚቀጥለው ወር አንድ ትልቅ የፈውስ ጉባኤ አለ፤ ቦታ ይዘውለታል። «ሦስት ቀን ጹሙ፣ በቤታችሁ የተደበቀ ኃጢአት ካለም ተናዘዙ» ብለውኛል። እኔም ሌሊት ሌሊት ያለፈ ሕይወቴን እየቆፈርኩ አድራለሁ።

ያ ተአምር ለእኛ ምን ማለት ነው? ያ ሰው በአንድ ቃል ተነሣ። የእኔ ባል ለምን አልተነሣም? እምነታችን ጎድሎ ነው? ወደ ጉባኤው ልውሰደው ወይስ ልተው? አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በእግዚአብሔር ተናድጃለሁ። ጸሎትም አቁሜያለሁ ማለት ይቻላል።

ደክሞኛል ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ከሃይማኖቱ ጥያቄ በፊት የትከሻውን ነገር እንጨርስ። ስትሮክ እጅን ሲያደክም ትከሻውን በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎችም አብረው ይደክማሉ። እንዲህ ያለ እጅ ሲጎተት መገጣጠሚያው ሊንሸራተት ወይም ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። አንድ ወር ሙሉ ካመመው በራሱ ይተወዋል ብለሽ አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ስታነሺውም በእጁ ይዘሽ አትሳቢው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካላችሁ አያያዙን ያሳይሽ።

የግፊት መድኃኒቱ ደግሞ ለክርክር የሚቀርብ ነገር አይደለም። አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው ድጋሚ የመመታት ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ያንን ከሚከላከሉለት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ግፊቱን መቆጣጠር ነው። ሐኪሙ ሳያዝ አንድም ቀን አይቋረጥ። ጳውሎስ እኮ ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ በሙያው ሲወቅሰው አናይም።

አሁን ወደ ቤተ ሳይዳ። ዮሐንስ ምዕራፍ 5ን ክፈቺና ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ምክንያቱም ያ ሰባኪ ከታሪኩ ይዞ የወጣው «ተነሣ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን እዚያው ጥሎታል።

ቦታው ኢየሩሳሌም ውስጥ በበጎች በር አጠገብ ያለ መጠመቂያ ነው። ዮሐንስ አምስት መመላለሻ (ጣራ ያለው በረንዳ) ነበረበት ይላል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተደረገ ቁፋሮ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ገንዳዎች ተገኝተዋል፣ በመካከላቸው ግድግዳ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች አራቱ መመላለሻ ዙሪያውን፣ አምስተኛው ደግሞ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ነበር ብለው ያስረዳሉ። ይህን የማነሣው ቦታው በዓይነ ሕሊናሽ እንዲታይሽ ነው። ሰፊ ነው። በዚያ ሁሉ ጥላ ሥር ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለ ብዙ ሰዎች ተኝተዋል። ሁሉም ዓይናቸው ውኃው ላይ ነው።

ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል ተብሎ ይታመን ነበር። (መልአክ ወርዶ ያናውጠዋል የሚለው ዐረፍተ ነገር በጥንታዊዎቹ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ ሕመምተኞቹ ግን ቀድሞ መግባትን ይጠብቁ እንደነበር ከሰውየው መልስ ይታወቃል።) እስቲ ይህን አሠራር አስቢው። ቀድሞ የሚገባው ማነው? ከሁሉ ያነሰ የታመመው። መሮጥ የሚችለው። ወይም ተሸክሞ የሚያስገባው ዘመድ ያለው። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው፣ ፈውሱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሁሌም መጨረሻ ነው። 38 ዓመት ሙሉ ሕመምተኛ ሆኖ እዚያ ዳር ላይ ሰው ሲቀድመው እያየ።

ኢየሱስ ሲመጣ ምን አደረገ? ሰውየውን ተሸክሞ ወደ ውኃው አልወሰደውም። ተራ አላስያዘውም። «በደንብ ብትሞክር ኖሮ ትደርስ ነበር» አላለውም። ገንዳውን ጭራሽ ተወው። የፈጠነ ይድናል፣ የደከመ ይቀራል የሚለውን ነገር በሙሉ አልፎት ሄዶ ከሁሉ መጨረሻ የነበረው ሰው አጠገብ ቆመ። እኔ የዚህ ተአምር እምብርት ይሄ ይመስለኛል። የሚያናድደኝም እዚሁ ላይ ነው። ባለቤትሽ ላይ የሆነው፣ ያንኑ ገንዳ መልሶ መቆፈር ነው። ውኃው አሁን «እምነት» ተባለ እንጂ ደንቡ ያው ነው፤ ብርቱ እምነት ያለው ቀድሞ ይገባል፣ የደከመው ዳር ይቀራል፣ ዳር የቀረው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው ይባላል።

የሰውየውን እምነት ደግሞ ፈልጊው። ኢየሱስ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ» እንኳ አላለም። «አምናለሁ» አላለም። ስሞታ ነው ያሰማው። ወደ መጠመቂያው የሚያኖረኝ ሰው የለኝም፣ እኔ ስመጣ ሌላው ይቀድመኛል። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። ከተፈወሰ በኋላ ሰዎች «አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ያለህ ማነው?» ብለው ሲጠይቁት ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ቁጥር 13 ላይ ተጽፏል። ያዳነውን ሰው ስሙን እንኳ የማያውቅ ሰው እምነቱ በየትኛው ሚዛን ተለክቶ ነው የዳነው?

ሌላ ታሪክ እንዳለ አውቃለሁ። 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ኢየሱስ «እምነትሽ አድኖሻል» ብሏታል። ናዝሬት ላይም በሰዎቹ አለማመን ተደንቋል። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ እምነት በወንጌል ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። ግን እምነት ጎደለ ተብሎ ወቀሳ ሲመጣ በማን ላይ እንደሚመጣ ልብ በዪ። ደቀ መዛሙርቱ አንድ የታመመ ልጅ መፈወስ አቅቷቸው «እኛ ለምን አልቻልንም?» ሲሉ ኢየሱስ «ስለ እምነታችሁ ማነስ ነው» አላቸው። ለማን? ለጸላዮቹ! ለልጁ አይደለም። አባቱን ደግሞ አስታውሺው፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነበር ያለው። ግማሹ እምነት፣ ግማሹ ጥርጣሬ። ልጁ ግን ዳነ። ያዕቆብም ስለ ታመመ ሰው ሲጽፍ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ እነሱ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ነው የሚለው፤ የእምነት ጸሎት የሚጠበቀው ከሚጸልዩት ነው። አራት ሰዎች ጣራ ቀድደው ያወረዱት ሽባም አለ። ማርቆስ ኢየሱስ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል፤ የተሸካሚዎቹን ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያ አዳራሽ የእምነት ጉድለት መፈለግ ካስፈለገ ማይክራፎኑ በማን እጅ እንደነበር ማየት ነው። በነገራችን ላይ በወንጌሎቹ ውስጥ ኢየሱስ «ተነሣ» ብሎት የወደቀ ሰው የለም። ወድቆ ደግሞ በሕዝብ ፊት የተወቀሰማ ከቶ የለም።

አሁን ወደ ኃጢአቱ ጉዳይ። እህቱ ቁጥር 14ን ሳያነሱልሽ አይቀሩም። ኢየሱስ ሰውየውን በኋላ በመቅደስ አግኝቶ «ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ብሎታል። ከባድ ቃል ነው፤ የለም አንልም። ግን የተባለው ካዳነው በኋላ ነው። ፈውሱን ከመስጠቱ በፊት ተናዘዝ አላለውም። ዮሐንስ ራሱ ደግሞ ሁለት ሦስት ገጽ ዝቅ ብሎ ምዕራፍ 9 ላይ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጽፍ፣ ደቀ መዛሙርቱ ልክ የእህቱን ጥያቄ ነው የጠየቁት፤ ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ? ኢየሱስ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ ዘጋው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲገድልም ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሎ ራሱ መልሷል። ሕመምን እያዩ ወደ ኋላ ኃጢአት መቁጠር እሱ የዘጋው መንገድ ነው።

ስለዚህ ሌሊት ሌሊት የምትቆፍሪውን አቁሚ። በእውነት የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ በማንኛውም ቀን ንስሐ ግቢበት፣ ይቅርታም አለ፤ ግን ለባለቤትሽ እግር እንደሚከፈል ዋጋ አድርገሽ አትያዢው። እግዚአብሔር እንደዚያ አይነግድም።

«ለምን አልተነሣም?» ላልሽው መልስ ያለው ሰው አታገኚም። አለኝ ከሚልሽ ሰው ራቅ በዪ። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣም፣ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ጥሮፊሞስን «ታሞ በሚሊጢን ተውሁት» ብሎ ይጽፋል፤ ብዙ ድውይ የተፈወሰበት ጳውሎስ፣ የገዛ ባልደረባውን ታሞ ትቶ ሄደ። ለጢሞቴዎስ የሆድ ሕመምና ተደጋጋሚ ድካምም ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው እንጂ እምነትህን መርምር አላለውም። እነዚህን ሦስት ሰዎች እምነት ጎድሏቸው ነው የሚል እስቲ ይምጣ።

ታዲያ ተአምሩ ለእናንተ ምን ይሰጣል? ምዕራፉን እስከ መጨረሻ ብታነቢ፣ ዮሐንስ ስለ እግሩ የሚያወራው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ቀኑ ሰንበት ስለነበር ክርክር ይነሣል፤ ኢየሱስ «አባቴ እስከ ዛሬ ይሠራል እኔም ደግሞ እሠራለሁ» ይላል፤ ከዚያ ንግግሩ ወደ ሙታን መነሣት ያልፋል፤ በመቃብር ያሉ ሁሉ ድምፁን የሚሰሙበት ሰዓት ይመጣል ይላል። ሰውየውን ያስነሣው ድምፅ ያኛው ድምፅ ነው። የቤተ ሳይዳው ሰው እንኳ በኋላ ዘመን አርጅቶ ወይም ታሞ ሞቷል። አልዓዛርም ድጋሚ ሞቷል። በወንጌል የተፈወሱት ሁሉ ሞተዋል። እንግዲህ ክርስቲያን በዚህ ታሪክ የሚይዘው ተስፋ በዚህ ወር እግሬ ይታዘዛል ወይስ አይታዘዝም ከሚለው ይበልጣል፤ ይህ ሥጋ፣ የደከመው ቀኝ እጅ ጭምር፣ የሚረሳ አይደለም ነው ተስፋው። ያ ቀን እስኪመጣ ደግሞ ኢየሱስ ሰው የሌለው ሰው አጠገብ የሚቆም ሆኖ ይታያል።

ይህ ማለት ለፈውስ አትጸልዩ ማለት አይደለም። ጸልዩ! እግዚአብሔር ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ፤ በጸሎትም፣ በሐኪም እጅም፣ ቀስ በቀስ በሚሠራ የእግር ልምምድም። ጸሎቱ ግን ባለቤትሽ የሚያልፈው ወይም የሚወድቅበት ፈተና አይሁን። ልመና ነው፤ የሚለምን ሰው ደግሞ ባይሰጠው አይወቀስም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽን ደግመሽ አንብቢው። ሰባኪው ያለው አለ። እህቱ የሚሉት አለ። አንቺ የምታስቢው አለ። ባለቤትሽ የተናገረው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አልሄድም»። ለምን እንዳለ ነግሮሻል? ጠይቀሽዋል? ኢየሱስ እንኳ፣ የሰውየውን ሁኔታ ሁሉ አውቆ ሳለ፣ ከመናገሩ በፊት ጠየቀው። ባለቤትሽን ያን ቀን «ልጸልይልህ?» ያለው ሰው የለም። «ልንካህ?» ያለውም የለም። ሁለት ሰው መጥቶ አነሳው፣ በቃ።

እንደኔ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራሽ ይሄ ነው። ቴሌቪዥን የጠፋበት፣ ስልክ የማይጠራበት፣ እሱም ያልደከመበት ሰዓት ምረጪ። ብዙ ጊዜ ጠዋት ይሻላል። ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። አጠር ያለ ጥያቄ ጠይቂውና ዝም በዪ። ቃል ሲጠፋበት አንቺ አትሙዪለት፤ ጠብቂው፣ ዝምታው ቢረዝምም። ካልወጣለት «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ጥያቄ አድርጊው፣ ወይም ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ጽፈሽ በግራ እጁ ያመልክት። ያን ቀን ስትወድቅ ምን ተሰማህ? ተዋረድኩ ነው ያልከው ወይስ እግዚአብሔር ተወኝ? የማትሄደው ሰዎቹን ጠልተህ ነው ወይስ ፈርተህ? ሰው እቤት መጥቶ ቢጸልይልህ ትፈልጋለህ? ማን? ጉባኤው ላይስ መሄድ ትፈልጋለህ? በአንድ ቀን ሁሉንም አትጨርሺው። ሁለት ጥያቄ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። እሱ እኮ ለዓመታት ጥናት የመራ ሰው ነው። ይህን ምዕራፍ ከእኔ ከምትሰሚው ከእሱ ጋር ብታነቢው ይሻላል። አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ እሱ የፈለገው ላይ ያስቁምሽ። ምናልባት ስትሮክ ከመታው ወዲህ ማንም አስተማሪነቱን አልፈለገበት ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚመጣው ሊጸልይለት ነው፤ ሊማርበት የሚመጣ የለም። ይህ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደክም አስቢ።

ከመውደቁ ወዲህ እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ከቀነሰ፣ ልምምዱን ከተወ፣ የሚወደውን ሁሉ ከጠላ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሪው። ከስትሮክ በኋላ ድብርት በጣም የተለመደ ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱን ገደማ ያገኘዋል፣ ይታከማልም። «እምነቱ ቀዘቀዘ» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጉባኤውን በተመለከተ ውሳኔው የእሱ ነው። አይ ካለ አይ ነው፤ እህቱም አንቺም ማባበል የለባችሁም። እሄዳለሁ ካለ ደግሞ ሂዱ፣ ግን እንዲህ ይሁን። አስተባባሪዎቹን ቀድመሽ አግኚና ከወንበሩ ማንም እንዳያነሳው፣ መድረክም ላይ እንዳይጠራ ንገሪያቸው። እሺ ካላሉ አትሂዱ። በር አጠገብ ተቀመጡ። መድኃኒቱ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን። በቃኝ ሲልሽ የምታውቂው ምልክት ተስማሙ፣ ከዚያ ማን ምን ቢል ወንበሩን ገፍተሽ ውጪ።

እህቱን ጠላት አታድርጊያቸው። ያሳደጉት ልጅ እንዲህ ሆኖ ሲያዩ ፈርተዋል። ሰው ሲፈራ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው የቀረበ ይመስላል። ግን ወሰን ያስፈልጋል። በስልክ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ እንዲህ ብትያቸውስ? «እትዬ፣ እንደ እናት አሳድገውታል፣ የሚጨነቁትም ስለሚወዱት ነው። ይጸልዩለት፤ ደስ ይለናል። መድኃኒቱን ግን አናቋርጥም፣ ይህንን ሁለተኛ እንዳናነሳው እለምንዎታለሁ። የጉባኤውን ነገር እሱ ራሱ ይመልስልዎታል።» ከዚያ አንድ ሥራ ስጫቸው። በሳምንት አንድ ከሰዓት መጥተው አብረውት ይቀመጡ፣ አንቺ ውጪ። ያ የቤተ ሳይዳ ሰው ያለውን አስታውሺ፤ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። እትዬ ሰው መሆን ይችላሉ። በየቀኑ ከመደወል ያ ይሻላል፤ ለእሳቸውም ቢሆን ያሳርፋቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችሁን ኃላፊ ብቻውን አግኚው። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሪው፤ የትከሻውንም ጭምር። ሁለት ነገር ብትጠይቂ በቂ ይመስለኛል። አንደኛ፣ እቤት ድረስ መጥቶ ባለቤትሽን ይቅርታ እንዲጠይቀው፤ በሕዝብ ፊት ለተባለው ደግሞ በሕዝብ ፊት አንድ ነገር እንዲል። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ በዚያ ቤት ማንም ሕመምተኛ ሳይጠየቅ እንዳይነካ። እሺ ካለ መልካም ነው፣ ምናልባት እሱም እያፈረ የሚጀምርበት አጥቶ ይሆናል። የሰባኪውን ቃል ከደገመልሽ ግን ሌላ ቤተ ክርስቲያን መፈለግ ክህደት አይደለም።

አንቺስ? ስምሽን «ደክሞኛል» ብለሽ ነው የጻፍሽው። በእግዚአብሔር መናደድሽ አላስደነገጠኝም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው፤ ሰዎች ሲጸልዩበት የኖሩት ጸሎት ነው። ማርታ ወንድሟ ከሞተ በኋላ ኢየሱስን ያገኘችው በወቀሳ ነው፤ አንተ እዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ ነበር አለችው። አልተቆጣትም። ስለዚህ የተናደድሽውን ለእሱ ንገሪው፤ ሌላ ጸሎት እስኪመጣልሽ ድረስ ያው ጸሎትሽ ይሁን። ቃል ካጣሽም አትታገዪ። ሌሎች ይጸልዩልሽ፤ ሽባውን ይዘው ጣራ ላይ የወጡት እኮ ሌሎች ናቸው።

እንቅልፍሽስ? ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ስታነሺና ስታስቀምጪ ወገብሽን ማን አየው? ለትከሻው ሐኪም ቤት ስትሄዱ አንቺም ታይተሽ ተመለሺ።

ጉባኤው በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ገና ጊዜ አለሽ፤ ለእትዬ መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ እሱን ስሚው። ከቻልሽ ደግሞ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ምዕራፉን አብራችሁ ስታነቡ የት ላይ እንዳስቆመሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።